ብቅል፣ ጥንስስ፣ ጠመቀ

በባሌዋ ጎባ ጠላ ከሚጠምቁ እናት ቤት ሁለት ብርጭቆ ፊቴ ተደርድሯል። በአንዱ የሐረሩ ሐኪም ስታውት፣ በሌላው የእሳቸው ጥቁር ጠላ። የሁለቱም ጥቁረት የመጣው ከአንድ ሥራ ነው፤ እህሉን አጥብቆ ከመቁላት። ስታውቱ ቡና ቡና እያለ ለስለስ ብሎ ይወርዳል። ጠላው ግን በወይራ የታጠነው የጋኑ ጭስና የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ይቆይለታል። እኔ ጠላውን መረጥኩ፤ ዛሬም ምርጫዬ እሱ ነው።

እንግሊዞች ለዚህ ጥቁረት መሣሪያ ፈልገውለታል። ዳንኤል ዊለር የተባለ ሰው በ1817 እ.ኤ.አ. ብቅልን እንደ ቡና እያዞረ የሚቆላ በርሜል የፈጠራ መብት አወጣበት። እኛ ዘንድ ግን አሻሮው የሚቆላው በምጣድ ነው፤ መቼ እንደሚበቃው የሚያውቀውም የሴቶቻችን ዓይንና አፍንጫ ነው።

ስሞቹም የየራሳቸው ጉዞ አላቸው። ስታውት ማለት ብርቱ ማለት ነው። ታላቅ ወንድሙ ፖርተር የተጠራው ይወዱት በነበሩት በለንደን ተሸካሚዎች ነው። ከአዲስ አበባ ሮቤ የሚገባው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶመጋላም በጣሊያንኛ በኩል፣ ፖርተር ራሱ ከመጣበት ‘መሸከም’ ከሚለው የላቲን ግስ የወረደ ነው።

ከሁሉም የምወደው ቃል ግን ብቅል ነው። ‘በቀለ’ ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ግዕዙ ‘በቈለ’ ይላል። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ጥቂት ቀን ሲያድር ጢም ያበቅላል፤ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሮቤ ገበያ በኦሮምኛ ብትጠይቁም ከዚህ ሥር አትርቁም፤ መብቀል ‘ቢቂሉ’ ነው። የሮሙ ጀግና የአበበ ቢቂላ ስምም ሁለት ቋንቋ ያጣምራል፤ አንዱ ያበበ፣ ሌላው የበቀለ። ዐረብኛው ‘በቅል’ ቅጠላ ቅጠልን ይጠራል። የጥንቱ የመስጴጦምያ ቋንቋ አካድኛ ደግሞ የቢራ ብቅልን ‘ቡቅሉ’ ይለው ነበር። በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈው ቃልና ጎባ ጓዳ ውስጥ የሚነገረው ቃል ሥራቸው አንድ ነው። ይህን ባወቅኩ ጊዜ የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልበረደም።

ጠላው የሚጀምረው ግን በጥንስስ ነው፤ የጌሾው ዱቄትና ውሃው ጋን ውስጥ ተገናኝተው የሚሰነብቱበት። ‘ጠነሰሰ’ ከ‘ፀነሰ’ ጋር ዝምድና አለው ብዬ አምናለሁ፤ ድምፁም ትርጉሙም ወደዚያ ይጠቁመኛል። ዛሬ ‘የሴራ ጥንስስ’ ስንል ከጋኑ የተዋስነው መሆኑን ረስተነዋል። እናትየውን ስንት ቀን እንደሚወስድ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የባሌ ብርድ ያዘገየዋል፤ አትቸኩልበት» አሉኝ። እርሾ ለቅዝቃዜ ይተኛልና ልክ ናቸው።

‘ጠመቀ’ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከመንከር የመጣ ነው። ጥር 11 የምናከብረው ጥምቀትም ከዚሁ ግስ ይወለዳል። ጠላ የሚጠምቅና ሕፃን የሚያጠምቅ በአንድ ሥር የሚጠሩበት ቋንቋ ለዚህ ሥራ የሰጠው ክብር ትንሽ አይደለም። ‘ጠላ’ እና የጥላቻው ‘ጠላ’ ግን ፊደል ብቻ ነው ያገናኛቸው፤ ያኛው ከግዕዙ ‘ጸልአ’ የመጣ ነው። ኦሮምኛው መጠጡን ‘ፈርሶ’ ይለዋል። አልኮል በማይገባበት ቤት ደግሞ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ ጠይም ቀሪቦ ይቀርባል።

አሁን አሁን ቢራ እቤት ለመጥመቅ የሚሞክሩ ወጣቶች አውቃለሁ፤ ሙከራቸውን እወደዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ‘ሞልት’ እና ‘ፈርመንቴሽን’ ማለታቸው ነው። የአሰላው ፋብሪካ እንኳ ስሙ ብቅል ፋብሪካ ነው። ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው 14 ኪሎ ሜትር መንገድ ግራና ቀኝ ገብስ አለ፤ ባሌ ጋናና ቦና በሚባሉት በሁለቱም የምርት ወቅቶች ያመርታል። ሙከራችሁን በዚያ ገብስ ጀምሩ። ጋን ከማጠናችሁ በፊት ግን እናታችሁ ወይም አያታችሁ ዘንድ ቁጭ በሉና እያንዳንዱን ደረጃ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ሳትቀይሩ ጻፉት።