ከግሸን በር እስከ ብሉቱዝ፦ የመልእክት መንገድ በሐይቅና በአምባሰል

የወሎው ግሸን አምባ ዙሪያውን ገደል ነው፤ ወደ ላይ የሚያስወጣው በርም ጠባብ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን ይህ በር የሚጠበቀው ሰው እንዳያመልጥ ብቻ ሳይሆን ቃል እንዳያልፍም ነበር። ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የተፈሩ የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች በአምባው ላይ ታግተው ይኖሩ ነበርና፣ ከእነርሱ መልእክት ይዞ መውረድ ብርቱ ቅጣት ያስከትል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አንድ መነኩሴ ከመሳፍንቱ ለንጉሡ ለልብነ ድንግል መልእክት በማምጣቱ እንደተገረፈ፣ ጠባቂዎችም አብረው እንደተቀጡ ጽፏል።

በዚያው አገር፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ ሌላ ዓይነት በር ነበረ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያጸኑት ይህ ገዳም አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማረ ሲሆን፣ አበ ምኔቱ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን ነበረው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት የነበሩት አምኃ ኢየሱስ ወደ ንጉሡ መቅረብ ከሚችሉት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጉዳይን ለንጉሥ ማድረስ ማለት በመካከል ያለውን ሰው ማለፍ ማለት ነበር።

አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በምትባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውልም ሁለቱን አገሮች ያጣላው በዚሁ በመካከል የመግባት ነገር ነው። አንቀጽ 17 ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትጻጻፍበትን መንገድ የሚመለከት ነበር። ምኒልክ ሲፈልጉ በኢጣሊያ በኩል መላክ እንደሚችሉ አድርገው ተረዱት፤ ሮም ግን ግዴታ ነው አለች። የጦፈው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦር ተፈታ።

ከዚያ በኋላ የስልክ ሽቦ መጣ፤ በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ተከተለ። በመካከል የሚቆመው ግን አልቀረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ቆየ። ዛሬም ሐይቅ ገበያ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በቴሌግራም ቢጻጻፉ፣ ቃላቸው መጀመሪያ ወደ ኔትወርኩ ማማ ይወጣል፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል። ማማው ከጠፋ፣ በመካከላቸው የክንድ ርቀት እያለ መልእክቱ አይደርስም።

ከማማው ውጭ ያለውን መንገድ ሕዝቡ የለመደው በዘፈን ነው። ኤሪክሰን የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው ብሉቱዝ እጅ ስልኮች ላይ ከገባ በኋላ፣ ወጣቱ ዘፈን የሚቀባበለው በዚሁ ሆነ። አንዱ “ብሉቱዝህን ክፈት” ይላል፤ የስልኩ ስም በሌላኛው ስልክ ላይ ይወጣል፤ ተቀባዩ እሺ የሚለውን ይጫናል። ፋይሉ አልፎ እስኪያልቅ ሁለቱም ተጠጋግተው መቆም አለባቸው፤ አንዱ ራቅ ካለ ይቋረጣል። ሂሳብ አይቆርጥም፣ ኔትወርክም አይጠይቅም። ቀጥሎ ዜንደርና ሼርኢት መጡ፤ እነዚህ ሁለቱን ስልኮች በራሳቸው ዋይፋይ ስለሚያገናኙ ፊልም ሳይቀር በጥቂት ደቂቃ ያሻግራሉ።

ከፋይል ወደ ጽሑፍ መልእክት ያለው እርምጃ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ፋየርቻት በተባለ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ተጻጽፈዋል፤ መልእክቱ በአቅራቢያ ካለ ስልክ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄድ ነበር። የሚያስቸግረው የስልኮቹ ልዩነት ነው። ጎግል ለአንድሮይድ፣ አፕል ለአይፎን ያዘጋጇቸው የቅርብ ግንኙነት መሣሪያዎች የተለያዩ ናቸው፤ የአፕሉ የቆየው መሣሪያ ከአንድሮይድ ጋር አይነጋገርም። በፍላተር ወይም በሪአክት ኔቲቭ አንድ ጊዜ ጽፎ ለሁለቱም የሚያወጣ ባለሙያ ሁለቱም የሚያውቁትን አነስተኛ ኃይል የሚፈጀውን ብሉቱዝ መምረጥ ይቀለዋል። ይህ ብሉቱዝ ለአጭር ጽሑፍ ይበቃል፤ ለቪዲዮ ግን ይዘገያል። አይፎን ደግሞ መተግበሪያው ከስክሪን ሲወርድ ብሉቱዙን ስለሚገድብ፣ ይህም ከወዲሁ መታሰብ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ምስጠራ ነው። መልእክት በሦስተኛ ሰው ስልክ በኩል ሲያልፍ፣ ያ ሰው የተሸከመውን ማንበብ መቻል የለበትም። ያኔ ተሸካሚው የያዘውን ቃል ስለማያውቅ፣ እንደ ግሸኑ መነኩሴ የሚጠየቅበት ምክንያት አይኖርም።

ጉዳዩ ለወሎ ሰው የቅንጦት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ተለያይቷል፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። በየዓመቱ መስከረም 21 ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ምእመን ግሸን ማርያምን ለማንገሥ አምባውን ይሞላዋል፤ በዚያ መካከል የተጠፋፉ ዘመዳሞች “እዚህ ነኝ” መባባል ያስፈልጋቸዋል። ብሉቱዝ ሐይቅን ከግሸን አያገናኝም፤ አንድ አምባ ላይ የቆሙ ሰዎችን ግን ያገናኛል። በአማርኛ መተግበሪያ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ይህን አገልግሎት ከመጀመሪያው ንድፋችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ኔትወርክ በተቋረጠ ማግስት ለመሥራት መነሣት ለማንም አይደርስም።