ጉድጓዷ የቀረላት ከተማ

እስቲ ወዳጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ከአገራችን ርቆ፣ አሜሪካ መሀል ላይ፣ ካንሳስ በሚሉት የስንዴ አገር የሆነውን ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ዝናቡ ገና ሳይደርስበት ከሩቅ ሲመጣ ያያል። እዚያ ሜዳ ላይ ግሪንስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ ግሪን ከሚባል፣ ሠረገላ ያመላልስ ከነበረ ሰው የመጣ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህች ከተማ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ጉድጓድ ነበር። አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1887 ገበሬውም፣ ከብት ነጂውም፣ መንገደኛውም አካፋና ዶማ ይዞ በቀን ሒሳብ መቆፈር ጀመረ፣ አፈሩም በጋሪ ተጋዘ፣ ድንጋዩም ከሩቅ ወንዝ ድረስ መጣና ግድግዳው ዙሪያውን ተካበ፣ በዓመቱም 33 ሜትር ጠልቆ፣ 10 ሜትር ያህል ሰፍቶ ተጠናቀቀ። በሰው እጅ ከተቆፈሩት የዓለም ትልቁ ነው ይላሉ። እኔ ሄጄ አልለካሁም፤ ግን ለዓመታት ከተማዋን አጠጥቷል፣ ውሃ መቅዳቱ ሲቀርም የአገር ጎብኚ መጥሪያ ሆኗል። አጠገቡ ከሰማይ የወደቀ፣ 450 ኪሎ ያህል የሚመዝን ድንጋይም ይታይ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን በእኛ ልንገራችሁ፤ ሚያዝያ 26 ቀን 1999፣ ዓርብ። እኛ ሚሊኒየማችንን ልንቀበል ሽር ጉድ የምንልበት ጊዜ ነበር። እነሱ ዘንድ ጸደይ ነው፣ ስንዴውም አረንጓዴ ነው። ያ ወራት በዚያ አገር መልካምም ክፉም ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ይነሳል፣ ከምዕራብ ተራሮች በኩል ደግሞ ደረቅ አየር ይመጣል፣ ከዚያም ሁለቱ ሜዳው ላይ ይገጥማሉ፣ ደመናውም እንደ ተራራ ይቆለላል፣ ሲቆለልም ይዞራል፣ ያ ሽክርክሪት ወርዶ መሬት የነካ እንደሆነ ቶርኔዶ ይሉታል።

ያን ዕለት ማታ መጣ። ቀን ቢሆን ሰው አይቶ ይሸሽ ነበር፤ ጨለማ ውስጥ ግን መብረቅ ብልጭ ሲል ብቻ ነው የሚታየው፣ ብልጭ ይላል፣ ደግሞ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ብልጭታ ቀርቦ ይገኛል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎቹ በራዳር ሲከተሉት ነበርና ቃላቸውን አበርትተው ተናገሩ፣ ሳይረኑም ጮኸ። ወደ 20 ደቂቃ ያህል ጊዜ አገኙ። ሃያ ደቂቃ፣ ወዳጆቼ፣ ቡና ተቆልቶ አቦሉ የማይደርስበት ጊዜ! ግን ልጅ ለመቀስቀስ፣ አሮጊት ጎረቤትን ደግፎ ደረጃ ለማውረድ፣ ፍራሽ ጎትቶ ራስ ላይ ለመድፋት በቃ። ሰው ሁሉ ምድር ቤት ገባ።

ከዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ገደማ ደረሰ። ወርዱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አልብሶ የሚተርፍ ማለት ነው። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተገመተ። አሜሪካኖቹ አዲስ የነፋስ መለኪያ ሥራ ላይ ካዋሉ ገና ሦስት ወር ነበር፣ የመጨረሻውን እርከን፣ አምስትን፣ መጀመሪያ ያገኘው ይህ ነው። ምድር ቤት የነበሩት ጆሯቸው ተደፍኖ እንዳመማቸው ተናገሩ፣ ከዚያ ከራሳቸው በላይ ቤቱ ሲነቀል ሰሙ፣ ከዚያ ቀና ሲሉ ጣሪያ በነበረበት ሰማይ አዩ።

ሲነጋ ደረጃው አለ፣ ደረጃው የሚያስገባው ቤት የለም። ዛፉ ቆሟል፣ ቅርፊቱ ተልጧል። ከከተማዋ ከመቶ ዘጠና አምስቱ እንዳልነበረ ሆነ። የእህል ጎተራውና የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ቆመው ቀሩ፤ የውሃ ማማው ግን ወደቀ፣ ከመሬት በታች ያለው አሮጌው ጉድጓድም ተረፈ። ያን ከሰማይ የመጣውን ድንጋይ እንኳ አጡት፣ ኋላ ከፍርስራሽ ሥር አገኙት። ያ ነፋስ 11 ሰው ገደለ። የከተማዋን መልክ ያየ ሰው ቁጥሩ በዚህ መቆሙ ይደንቀዋል። እኔ ሳይረኑን አመሰግናለሁ፤ ተጠራጥሮ ሳይቀመጥ ተነስቶ የወረደውንም ሰው።

በሳምንቱ የከተማዋ ሰዎች ትልቅ ድንኳን ሥር ተሰበሰቡ፣ ተከራከሩ፣ ከዚያም እንደገና ስንሠራ ኃይል የሚቆጥብ፣ አረንጓዴ ከተማ እንሥራ አሉ። ግሪን ማለት አረንጓዴ ነዋ! ልጆቹ በተሽከርካሪ ቤት ውስጥ ተማሩ፣ በዓመቱም ፕሬዚዳንት ቡሽ ራሳቸው መጥተው ተመራቂዎቹን መረቁ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አሥር የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ። ያፈረሳት ነፋስ መብራት ሆናት እያሉ ጋዜጠኞች በዚህ ብዙ ጻፉ፤ ነገሩ ያምራል፣ እኔ ግን ትንሽ ቸኮሉ እላለሁ። ነፋስ ካሣ አይከፍልም፤ የከፈሉት ድንኳኑ ሥር ቁጭ ብለው የተከራከሩት ሰዎች ናቸው።

ደግሞም ሁሉም አልተመለሰም። ሽማግሌው ልጁ ዘንድ ሄደ፣ ዕዳ መግባት ያልቻለው ቦታውን ሸጠ፣ ወጣቱም ሥራ ባገኘበት ቀረ። ጉድጓዱ እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ ሙዚየም ተሠርቶለት ተከፈተ፣ ጎብኚም ዛሬ ደረጃውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲቆጠሩ የከተማዋ ሰዎች 1,574 ነበሩ፤ በ2010 ሲቆጠሩ 777።