ከኮታ እስከ ዩኒየን፦ የትርፍ ምርት ዋጋ ታሪክ

ዝናቡ የሰመረበት ዓመት ለገበሬው ሁልጊዜ የደስታ ዓመት አይሆንም። ጎተራ ሲሞላ ዋጋ ይወድቃልና። ይህን ችግር ለማቃለል አሜሪካ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበሬዎቿ ድጎማ ስትከፍል ቆይታለች። የአውሮፓ ማኅበረሰብም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋጋ ሲወርድ እህሉን ራሱ እየገዛ በመጋዘን ያከማች ነበር። ከምዕራቡ ዓለም ትርፍ እህል ከፊሉ በእርዳታ ስም ኢትዮጵያ ደርሷል።

በደርግ ዘመን ግን የመንግሥት እጅ ወደ እህል ገበያ የገባው የገበሬውን ዋጋ ለመደገፍ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በገበሬ ማኅበራት በኩል ኮታ እየጣለ፣ ከገበያው ባነሰ ቁርጥ ዋጋ ይገዛ ነበር። ትርፍ አምራች በሆነው ጎጃም የግል ነጋዴው እንቅስቃሴ በጥብቅ ተገድቦ ነበር። ምርቱ ያልበቃው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ የሞላበት ጊዜም አለ። ይህ አሠራር የቀረው በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ ነው።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ዋጋን የማረጋጋት ኃላፊነት ተሰጠው። ሆኖም የሚገዛው እህል ከአገሪቱ ምርት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምርት ሲትረፈረፍ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ተሳነው፤ ለቀጣዩ ክረምትም ማዳበሪያ ቀነሰ። በዚያው ክረምት ድርቅ ተከተለ፤ በ1995 ዓ.ም. እርዳታ ፈላጊው ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ትርፍ ምርትና ረሃብ የተለያዩት በአንድ ዓመት ብቻ ነበር።

የአገሪቱ የመጠባበቂያ እህል ክምችትም ቢሆን በዋናነት የቆመው ለአደጋ ጊዜ እንጂ ለገበሬው ዋጋ አልነበረም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የኑሮ ውድነት ሲበረታ ደግሞ መንግሥት ስንዴ ከውጭ እያስገባ በድጎማ ለሸማቹ አቀረበ። ድርጅቱም በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተጠቃለለ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በቁይና በአካባቢው ጤፍና ስንዴ የሚያመርት ገበሬ ከአውድማ እንደተመለሰ ለግብርና ለዕዳ ሲል ከሸጠ፣ የሚሸጠው ገበያው በእህል በተጥለቀለቀበት ወቅት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ዋነኛ ፋይዳ እዚህ ላይ ይታያል። መጋዘን፣ የመግዣ ብድር፣ ትክክለኛ ሚዛንና በወቅቱ የሚከፈል የትርፍ ክፍፍል ሲሟሉ አባሉ ዋጋ እስኪሻሻል መጠበቅ ይችላል። እነዚህ ካልተሟሉ ግን የዩኒየኑ መጋዘን ባዶ ይቀራል፤ እህሉም በመከር ዋጋ ነጋዴ እጅ ይገባል። በመሆኑም አባላት ምርታቸውን በማኅበራቸው በኩል በማቅረብ፣ የወረዳው ባለሥልጣናትም ብድሩ ከመከር በፊት እንዲደርስ በማድረግ ድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል።