ለአንድ ወር የተሣሉ ሽፋኖች

በአሜሪካ ኮሚክ ተብሎ የሚጠራው፣ ታሪክን በተከታታይ ሥዕሎችና ከገጸ ባሕርያቱ አፍ አጠገብ በሚጻፍ አጭር ንግግር የሚተርከው ቀጭን መጽሔት፣ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከውስጥ ገጾቹ ይልቅ በፊት ሽፋኑ ይታወቃል፤ ልጅነታቸውን የሚናፍቁ አዛውንትም ታሪኩን ከረሱት በኋላ ሽፋኑን አይረሱትም። ሽፋኑ ግን ሲሣል ለማስታወሻነት ታስቦ አልነበረም። ሥራው በሽቦ መደርደሪያ ላይ በብዙ መሰሎቹ መካከል ተሰክቶ፣ በዚያ የሚያልፈውን ልጅ ለጥቂት ቅጽበት አስቁሞ 10 ሳንቲም ማስወጣት፣ ወሩ ሲያልቅም ቦታውን ለተተኪው መልቀቅ ነበር።

የመጽሔቱ ቅርፅ የመጣው ከማተሚያ ቤት ሒሳብ ነው። ኢስተርን ከለር የተባለው ማተሚያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1933 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእሑድ ጋዜጦች ላይ የሚወጡ ባለቀለም ሥዕላዊ ታሪኮችን አሳንሶና አጥፎ፣ ለንግድ ድርጅቶች ማስተዋወቂያ ስጦታ የሚሆን መጽሔት አሳተመ፤ በተከታዩ ዓመትም «ፌመስ ፈኒስ» በ10 ሳንቲም ለሽያጭ ቀረበ። የውስጡ ወረቀት ቶሎ ወደ ቢጫነት የሚለወጥ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ሲሆን፣ ሽፋኑ ግን በሚያብለጨልጭና ቀለምን በደንብ በሚይዝ ወረቀት ይታተም ነበር፤ የአሳታሚው ልብ ወዴት እንዳደላ ከዚህ ይታያል።

የሽፋን ሥዕል ሙያ ታላቅ ናሙና፣ ጁን 1938 የሚል ቀን የታተመበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ነው። ጆ ሹስተር በሣለው በዚህ ሽፋን ላይ ቀይ ካባ የለበሰ ሰው አረንጓዴ አውቶሞቢል ከራሱ በላይ አንሥቶ ከቋጥኝ ጋር ሲያላትም ይታያል፤ በግራ በኩል ከታች ደግሞ አንድ ሰው በድንጋጤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከሥዕሉ ወጥቶ ሊያመልጥ የፈለገ ይመስል ወደ ተመልካቹ ይሮጣል። ሱፐርማን የሚለው ስም በሽፋኑ ላይ የትም አልተጻፈም፤ በመሆኑም መኪና የሚያነሣው ሰው ጀግና ይሁን ወንበዴ ለማወቅ የፈለገ ልጅ መጽሔቱን ከመግዛት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ሹስተር የገጸ ባሕርዩን መብት በ130 ዶላር ሸጡ። ከቁጥር 2 እስከ 6 ባሉት ሽፋኖች ላይ ሱፐርማን አለመታየቱም አሳታሚው ምን እንዳገኘ ወዲያው እንዳልተረዳ ያሳያል።

በሽፋን ላይ የሚታተመው ቀን ለታሪክ አጥኚ ወጥመድ ነው። ጁን የሚለው መጽሔት የተሸጠው በኤፕሪል ነበር፤ ምክንያቱም ቀኑ የሚነግረው መጽሔቱ የወጣበትን ሳይሆን ባለሱቁ ከመደርደሪያው የሚያወርድበትን ጊዜ በመሆኑ፣ አሳታሚዎች ዕቃቸው እንዳያረጅባቸው ሁለትና ሦስት ወር ወደፊት ይገፉት ነበር። ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ የፈጠሩት ካፒቴን አሜሪካ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ የሚያሳየው ዝነኛ ሽፋን ማርች 1941 ይላል፤ ገበያ ላይ የዋለው ግን አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1940 ነው። ሥዕሉ የዘመኑን ስሜት ተከትሎ ሳይሆን ቀድሞ የወጣ መሆኑ የሚታወቀው ይህ ሲስተካከል ብቻ ነው።

ሽፋኑ ከዚህም ሌላ ደረሰኝ ነበር። ያልተሸጠ መጽሔት ለአከፋፋዩ ተመላሽ ይሆን ነበር፤ ሙሉውን መላክ ግን የማጓጓዣ ወጪ ስለሚያስከትል፣ ባለሱቁ ስምና ቀን ያለበትን የሽፋኑን የላይኛ ክፍል ቀድዶ ይልክና ሒሳቡ ይታሰብለት ነበር። አሁን ሰብሳቢዎች ከጥግ የጠፋችን የጥፍር ታህል ወረቀት በሺህ ዶላር የሚቆጥሩባቸው ሽፋኖች፣ በጊዜያቸው የሚቀደዱት በሥራ ደንብ ነበር። በዚህ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጆች ለጦርነቱ በሚሰበሰበው አሮጌ ወረቀት ላይ መጽሔቶቻቸውን ጨምረው አስረክበዋል፤ የዛሬው ብርቅነት ከዚህ የመጣ ነው እንጂ መጀመሪያውኑ በጥቂቱ በመታተማቸው አይደለም።

ኤፕሪል 21 ቀን 1954 ደግሞ ሽፋን በኒው ዮርክ የወጣቶችን ጥፋት በሚመረምረው የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ምስክር ሆኖ ቀረበ። ሴናተር ኢስቲስ ኬፎቨር ጆኒ ክሬይግ የሣለውን፣ መጥረቢያ የያዘ ሰው የተቆረጠ የሴት ራስ በፀጉሩ አንጠልጥሎ የሚታይበትን የ«ክራይም ሰስፔንስቶሪስ» ሽፋን አሳይተው ይህ መልካም ጣዕም ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ አሳታሚው ዊልያም ጌይንስም ለአስፈሪ ኮሚክ አዎን፣ ራሱ ከፍ ተደርጎ ተይዞ ደሙ ሲንጠባጠብ ቢታይ ኖሮ ነው ጣዕም የሚጎድለው ሲሉ መለሱ። መልሱ እውነተኛ የሙያ መልስ ነበር፤ ለጌይንስ ግን ከዚያ የከፋ ቃል አልነበረም። በኦክቶበር አሳታሚዎቹ ራሳቸው የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ፤ በመጽሔት ስም ላይ «አስፈሪ» እና «ሽብር» የሚሉት ቃላት ተከለከሉ፣ ደንቡን ያከበረ መጽሔትም በሽፋኑ ጥግ ትንሽ ማኅተም ተመታበት። ሕግ ባይሆንም ጅምላ አከፋፋዮች ማኅተም የሌለውን አንቀበልም ስላሉ እንደ ሕግ ሠራ፤ እስከ 2011ም ቆየ።

ደም ሲከለከል ሠዓሊዎች ወደ እንቆቅልሽ ዞሩ። አርታኢው ጁሊየስ ሽዋርትዝ እንግዳ ሽፋን አስቀድሞ አሥሎ፣ ታሪኩን ከዚያ በኋላ ማስጻፍ ልማዱ ነበር፤ ጎሪላ የታየበት ሽፋን በደንብ ይሸጣል ተብሎም አያሌ ጎሪላዎች ሲያስቡና ሲጽፉ ተሥለዋል። በ1963 ማርቬል በተባለው አሳታሚ ሽፋኖች የላይኛ ግራ ጥግ የገባው የጀግናው ምስል ያለበት ትንሽ ሣጥንም የስቲቭ ዲትኮ ሐሳብ ነው፤ መጽሔቶቹ ተደራርበው ሲሰኩ የሚታየው ያ ጥግ ብቻ ነበርና።

አማርኛ ትዝታ በሚለው አንድ ቃል ማስታወስንም መናፈቅንም ይገልጻል፤ የኮሚክ ትዝታ ግን ሁለቱን ለያይቶ ነው የጀመረው። በ1960 ሪቻርድና ፓት ሉፖፍ በራሳቸው እያባዙ በሚያሰራጩት ትንሽ መጽሔት ላይ ስለ ቀድሞ ጀግኖች የሚጻፍ ዓምድ ከፈቱ፤ የዓምዱ ስም የሽፋኑን ዋጋ፣ አሥር ሳንቲሟን፣ የሚጠቅስ ነበር። በ1965 ስለ እነዚሁ ጀግኖች የተጻፈው የጁልስ ፋይፈር መጽሐፍ ተከተለ። እነዚህ ጸሐፊዎች ያነበቡትን ነበር የሚያስታውሱት። በ1970 ሮበርት ኦቨርስትሪት የዋጋ መመሪያ ሲያሳትም ግን ማስታወስ ቁጥር አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ታሪኩ ከሚወራው ይልቅ ስለ ሽፋኑ ንጽሕና የሚወራው በዛ።

ከ2000 ጀምሮ አንድ ድርጅት መጽሔቶችን ከ10 ነጥብ እየመዘነ፣ በማይከፈት ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጋል። በ2014 አንድ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በጨረታ ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2024 ሌላው 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የሚታየው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ለጥቂት ቅጽበት የተሣለው ሥዕል ተርፎ፣ ልጁ 10 ሳንቲም ከፍሎ ሊያነብ የፈለገው ታሪክ ታሽጎበታል። የውስጥ ገጾቹ ቀለም ነጭ ይሁን ወደ ቢጫ የተለወጠ፣ ገልጦ ማየት ስለማይቻል፣ ከላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ በጽሑፍ ይገለጻል።