ካናቢስ ወለድ ብርቱ ትውከት

ካናቢስ (ሰው ጋንጃ ወይም ማሪዋና የሚለው ዕፅ) ማቅለሽለሽን ያስታግሣል። ይህ የአጫሾች ወሬ ብቻ አይደለም። የዕፁ ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። እሱን አስመስሎ በፋብሪካ የተሠራው ድሮናቢኖል የካንሰር ሕክምና ለሚያስመልሳቸው ሰዎች እንዲሰጥ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1985 ነው (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ዕፁ ለዓመታት ሲደጋገም ግን አንዳንዱን ሰው ሌት ተቀን ያስታውከዋል። ሐኪሞች ሕመሙን «ካናቢኖይድ ሃይፐሬሜሲስ ሲንድረም» ብለው ሰይመውታል።

በአማርኛ «ካናቢስ ወለድ ብርቱ ትውከት» ብዬዋለሁ። «ኤሜሲስ» በግሪክኛ ማስመለስ ነው፤ «ሃይፐር» ደግሞ ከልክ ማለፉን ይናገራል። በጨዋ ንግግር «ማስመለስ» ብንልም፣ አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በየጊዜው ሲነገር «ትውከት»ን የጤና ቃል አድርጎ አስለምዶናል። «ወለድ»ን የወሰድኩት «ውኃ ወለድ በሽታ» ከሚለው አነጋገር ነው። መንሥኤው ከስሙ ላይ እንዲነበብ ፈልጌያለሁ፤ ምክንያቱም ታማሚው መንሥኤውን እንደ መድኃኒት ይዞታል።

በሽታው በሕክምና ጽሑፍ ተለይቶ የወጣው በ2004 ነው። በአውስትራሊያ፣ በአደሌድ አካባቢ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች፣ አለንና ባልደረቦቻቸው፣ «ገት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ለዓመታት ካናቢስ ሲወስዱ የኖሩና ትውከት እየተመላለሰ የሚያሠቃያቸውን ታካሚዎች ታሪክ አሳተሙ። ታካሚዎቹ ያልተለመደ ጠባይ ነበራቸው። ሕመሙ ሲነሣባቸው በቀን ብዙ ጊዜ በሙቅ ውኃ ይታጠባሉ፤ ሙቀቱ ፋታ ይሰጣቸዋል፤ ከመታጠቢያው ሲወጡ ግን ይብስባቸዋል። ዛሬም ሐኪም ይህን ሲሰማ መጠርጠር ይጀምራል።

አመጣጡ አዝጋሚ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ማቅለሽለሽ፣ እንብርት አካባቢ መቆረጥ፣ ማስመለስን መፍራት ይመጣል። ይህ ወራት አልፎም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በእኛ ቤት ይህን ሁሉ «ጨጓራ ነው» ብለን እንዘጋዋለን፤ ቡናና በርበሬ ይከለከላል፣ ተልባ ይበጠበጣል። ሰውየው ደግሞ ካናቢስ ሆድ እንደሚያረጋጋ ስለሰማ መጠኑን ይጨምራል። ከዚያ አንድ ቀን ትውከቱ ይፈነዳል፤ በሰዓት ብዙ ጊዜ፣ ለቀናት። ሲያልፍ ጤነኛ የሆነ ይመስለዋል፣ እንደገና ያጨሳል፣ እንደገና ያገረሽበታል።

ቲኤችሲ የሚሠራው በአንጎልም በሆድ ዕቃም ባሉት ሲቢ-1 በሚባሉ ተቀባዮች በኩል ነው። በጥቂቱ ሲሆን ማቅለሽለሽን ያበርዳል። ለዓመታት በብዛት ሲወሰድ ግን ተቀባዮቹ ደንዝዘው የሆድ ዕቃ እንቅስቃሴ የሚዛባ ይመስላል። የሙቅ ውኃው ነገር ቲአርፒቪ-1 ከሚባል ሌላ ተቀባይ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ይህ ሙቀትንም የሚጥሚጣን ማቃጠልም ለሰውነት የሚያሳብቅ ተቀባይ ነው፤ ሳይንቲስቱ ዴቪድ ጁሊየስ የ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩባቸው ግኝቶች አንዱ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ድንገተኛ ክፍሎች የበርበሬ ማቃጠያ ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት በታማሚው ሆድ ላይ ይቀባል፤ ብዙዎችንም ያስታግሣል። ቅባቱ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ነው። ቤት ውስጥ በርበሬ በጥብጦ መቀባት ቆዳ ያቃጥላል እንጂ አያድንም።

ዕፁ ራሱም ተለውጧል። አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ ተይዞ በተመረመረ ካናቢስ ውስጥ የነበረው ቲኤችሲ በ1995 ወደ 4 በመቶ ነበር፤ በ2021 ወደ 15 በመቶ ደርሷል። ተጨምቀው ከሚሸጡት ቅባቶች ብዙዎቹ ከ60 በመቶ ያልፋሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የዴንቨርና የኦሮራ ከተሞች በሚገኙበት በኮሎራዶ፣ ካናቢስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሱቅ በሕግ መሸጥ የጀመረው በጥር 2014 ነው። ልጆቻችን በየቀኑ የሚያልፉት በእነዚህ ሱቆች ደጃፍ ነው። «ሕጋዊ ነው» የሚለው ቃል «ጉዳት የለውም» ተብሎ ሲሰማ ያስጨንቀኛል።

ትውከቱ ቀላል አይደለም። የሰውነት ውኃና ፖታስየም ያልቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የልብ ምት ይዛባል፤ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። የተለመዱት የማስመለስ መከላከያዎች ብዙ ጊዜ አይረዱም፤ ሃሎፔሪዶል የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ሞርፊን መሰል ማስታገሻዎች ማቅለሽለሹን ያብሳሉ። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅለው ካናቢስን ፈጽሞ መተው ብቻ ነው፤ መቀነስ አይበቃም። የአሜሪካ የሆድ ዕቃ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በሽታው ይኸው መሆኑ የሚረጋገጠው ሰውየው ቢያንስ ለ6 ወር ወይም ለሦስት የሕመም ዙር ያህል ትቶት ምልክቱ ሲጠፋ ነው።

ይህን በሽታ የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ የለም። ሐኪሙ የሚደርስበት ሌሎች በሽታዎችን ካስወገደ በኋላ፣ ከታማሚው አፍ በሚሰማው ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይቸገራል። ወጣቱ አልጋ ላይ ተኝቶ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ወይም አጎቱ እያስተረጎመ፣ «ካናቢስ ትወስዳለህ?» ሲባል መልሱ «ኧረ በፍጹም!» ነው። ከዚያ ካሜራው ወደ ጨጓራው ይላካል፣ ሆዱ በስካን ይታያል፣ አንዳንዱም የሐሞት ከረጢቱ በከንቱ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይበቃው ታካሚ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ታማሚው «ዘመዶቼ ይውጡልኝ፣ በአስተርጓሚ ልናገር» ማለት ይችላል፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ከሆነም የነገረውን ሐኪሙ በአብዛኛው ያለ ፈቃዱ ለቤተሰቡ አያወጣም።