የኅዳር በሽታ እና የአዲስ አበባ የጤና አገልግሎት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ነዋሪዋ የሚታከመው በወጌሻ፣ በልምድ አዋላጅና በባህል መድኃኒት አዋቂ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በከተማይቱ ሆስፒታል አቋቁሞ እስከ 1898 ዓ.ም. አገልግሏል። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተጠራው የመንግሥት ሆስፒታል ተመሠረተ።

ይሁን እንጂ የሆስፒታሉ ተግባር ከደጁ የደረሰውን ሕመምተኛ ማከም ነበር። ዐፄ ምኒልክ የፈንጣጣ ክትባትን ቢያበረታቱም፣ ቆሻሻ የሚያስወግድ፣ ሞትን የሚመዘግብና በየቤቱ የወደቀውን የሚጎበኝ የተሟላ የከተማ ጤና አገልግሎት ገና አልተደራጀም ነበር። በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የጅቡቲ ጉዞ ወደ ጥቂት ቀናት አጠረ፤ ለንግድ የቀናው መንገድ ለተላላፊ በሽታም ቀና።

የዓለም አቀፉ ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. በከተማይቱ በረታ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ዳኑ። በአዲስ አበባ ብቻ ከ9,000 እስከ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። መቃብር ቆፋሪ በመታጣቱም በአንድ ጉድጓድ ብዙ አስከሬን ይቀበር ነበር።

በዚያ ዘመን የበሽታው ቫይረስ ገና አልታወቀም፤ ተከትሎት ለሚመጣው የሳንባ ምች የሚሆን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም አልነበረም። ስለዚህ ሕይወት ሊያተርፍ ይችል የነበረው ሕመምተኛን መለየት፣ ውኃና ምግብ ማቅረብ፣ በአጠቃላይ ማስታመም ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ግን ውኃ የሚያቀብል እንኳ ይጠፋል። ጉድለቱ የመድኃኒት ብቻ ሳይሆን ወደ ቤት የሚዘልቅ አገልግሎትም ነበር።

የዚያ መከራ መታሰቢያ ኅዳር 12 ቀን የሚከበረው «ኅዳር ሲታጠን» ነው። ሕዝቡ ግቢውንና ሠፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ጭሱ ኢንፍሉዌንዛን አይከላከልም፤ የአስም ሕመምተኞችንም ይጎዳል። ጽዳቱ ግን ሕዝቡ በየዓመቱ ራሱ የሚያካሂደው የጤና ዘመቻ ነው። የጤና ባለሙያ ድርሻም ባህሉን መንቀፍ ሳይሆን፣ ጠረጋው ጸንቶ እሳቱ እንዲቀር ማስተማር ነው።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው ወረርሽኙ ካለፈ ከ29 ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ1940 ዓ.ም. ነው። ቤት ለቤት የሚሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀምሮ በኋላ ወደ ከተሞች ተስፋፋ። በ1911 ዓ.ም. ለታማሚው ውኃ የሚያቀብል በታጣበት ከተማ ዛሬ ደጅ የሚያንኳኳ የጤና ሠራተኛ ዋጋው የሚመዘነው በዚህ ታሪክ ነው።