የወይራ ዝንብና መከላከያው

የወይራ ዝንብ (በሳይንሳዊ ስሙ ባክትሮሴራ ኦሌኤ) ርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ እጩ ከወይራ ፍሬ በቀር ሌላ የማይበላ ተባይ ነው። በሜዲትራኒያን አገሮች፣ በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በካሊፎርኒያ ይገኛል። ወይራን የሚያጠቁ ነፍሳት ብዙ ናቸው፤ የአበባውን እንቡጥና ለጋ ፍሬውን የምታረግፈው የወይራ እሳት እራት አለች፣ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ጭማቂ የሚመጠው ጥቁር ቅርፊት ለባሽም አለ። ይሁንና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያለ አምራች በየዓመቱ ፀረ ተባይ የሚገዛው በአብዛኛው ለዚህ ዝንብ ሲል ነው።

ሴቷ ዝንብ የፍሬውን ቆዳ ወግታ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፍሬ አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ በዕድሜዋ ግን በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እጩ ተፈልፍሎ ጠጣሩ ዘር ድረስ ሥጋውን እየሰረሰረ ይበላል። በሞቃቱ ወራት ሙሽሬ የሚሆነው እዚያው ፍሬው ውስጥ ሲሆን፣ ከእንቁላል እስከ ጉልምስ ያለው ጊዜ አንድ ወር ያህል ነው። ብርዱ ሲቃረብ ደግሞ እጩ ወደ መሬት ወርዶ አፈር ውስጥ ሙሽሬ ሆኖ ይከርማል። በዓመት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ትውልድ ይፈራረቃል። ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚዘልቅ ደረቅ ሙቀት እንቁላሉንና ለጋውን እጭ ይገድላል፤ ስለዚህ ዝንቡ የሚበረታው በባሕር ዳርቻና ቀዝቀዝ ባሉ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በጣሊያን ብዙም ያልበረደ ክረምት አልፎ ዝናባማና ቀዝቃዛ ወቅት ሲከተል፣ በቶስካና ብዙ አምራቾች በዝንቡ የተበላሸውን ፍሬ ሳይለቅሙ ዛፉ ላይ ተዉት።

ያልበሰለ ወይራ ኦሌዩሮፔይን የተባለ መራራ ውህድ ስላለው ለአብዛኞቹ ነፍሳት መብል አይሆንም። የዚህ ዝንብ እጭ ግን ከእናቱ የሚወርሰው ባክቴሪያ በአንጀቱ ስላለ አረንጓዴውን ፍሬ ይቋቋመዋል። ጣሊያናዊው ሊዮኔሎ ፔትሪ ስለ ዝንቡ የአንጀት ባክቴሪያ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ለፈንገስ በሽታ የሚረጨው መዳብ ዝንቡንም የሚጎዳው በዚሁ ባክቴሪያ በኩል ነው፤ መዳብ ባክቴሪያውን ሲያዳክም እጩ ባልበሰለ ፍሬ ውስጥ ማደግ ያቅተዋል።

ጉዳቱ ምርቱ ለምን እንደሚውል ይለያያል። ለገበታ በሚቀርብ ወይራ አንዲት የተወጋች ፍሬም ዋጋ ታሳጣለች። ለዘይት በሚጨመቀው ግን ጥቂት እጭ ጣዕሙን አያበላሽም፤ ችግሩ የሚመጣው እጩ ከወጣበት ቀዳዳ ሻጋታ ሲገባና ፍሬው ሳይጨመቅ ሲቆይ ነው። ያን ጊዜ የዘይቱ አሲድነት ይጨምራል፤ ዘይቱ ኤክስትራ ቨርጂን የተባለውን ከፍተኛ ደረጃ ለማግኘት ደግሞ አሲድነቱ ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የዘይት አምራች እንደ ገበታ ወይራ አምራች እያንዳንዷን ዝንብ ማሳደድ የለበትም፤ ቢያደርገው ገንዘቡን ያባክናል።

የመከላከሉ ሥራ ሁሉ የሚያጠነጥነው በጊዜ ላይ ነው። ፍሬ ውስጥ የገባ እጭ በሩን የዘጋ ሌባ ነው፤ ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም። ዳይሜቶኤት የተባለው ፀረ ተባይ ለአሥርተ ዓመታት የተወደደው ፍሬው ውስጥ ዘልቆ ስለሚገድል ነበር፤ ነገር ግን በግሪክ ዝንቡ እየተላመደው ሄዶ፣ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 ፈቃዱን ሳያድስ ቀረ። ደግሞም መላውን ዛፍ መርጨት ጥቁሩን ቅርፊት ለባሽ የሚበሉትን ጥቃቅን ተርቦች ስለሚጨርስ፣ አንዱን ተባይ ያባረረ አምራች ሌላውን ይጠራል።

ከዚህ የሚሻለው ጉልምሱን እንቁላል ከመጣሉ በፊት መያዝ ነው። ሴቷ እንቁላሏ እንዲጎለብት ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ስለዚህ ጥቂት መርዝ የተቀላቀለበት የፕሮቲን ማባበያ በዛፉ አንድ ጎን ብቻ፣ አንዳንዴም አንድ ዛፍ እየዘለሉ ይረጫል፤ ዝንቡ ራሱ ፈልጎ ይመጣል። ዛሬ በብዛት ከማባበያው ጋር የሚቀላቀለው ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኘው ስፒኖሳድ ነው። ዝናብ ከዘነበ መድገም ግድ ይላል። የሚረጭበትን ቀን የሚወስነው ወጥመድ ነው፤ የአሞኒያ ጨው ወይም የእርሾ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ፣ አለዚያም የሚያጣብቅ ቢጫ ሰሌዳ ዝንቡን ከሚስበው ጠረን (ፌሮሞን) ጋር ዛፉ ላይ ይሰቀልና በየሳምንቱ የተያዘው ይቆጠራል። ዝንብ የጎረቤትን አጥር ስለማያከብር አንድ ገበሬ ብቻውን ቢረጭ ፋይዳው ትንሽ ነው። በግሪክ መንግሥት ራሱ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ የማባበያ ርጭቱን በየአካባቢው የሚያስተባብረው ለዚህ ነው።

መርዝ ለማይፈልግ አምራችም መንገድ አለ። ካኦሊን የተባለውን ነጭ የሸክላ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ፍሬው ላይ መርጨት ሴቷን ከመውጋት ያግዳታል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ቀደም ብሎ መልቀም፣ ከተለቀመ በኋላም ዛፍ ላይና መሬት ላይ ፍሬ አለመተው ነው። የዘይቱ መጠን ትንሽ ቢቀንስም፣ የመጨረሻው ትውልድ ሳይደርስበት ይጨመቃል።

የዝንቡ መነሻ አፍሪካ እንደሆነ ይታመናል። በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው ወይራ ከሜዲትራኒያኑ ጋር አንድ ዝርያ ሲሆን፣ ፍሬው ግን ትንሽና ሥጋው ስስ ነው። ጣሊያናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ፊሊፖ ሲልቬስትሪ የወይራ ተባዮችንና ጠላቶቻቸውን ፍለጋ አፍሪካ ድረስ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ ኤርትራና ስለ ደቡብ አፍሪካ የወይራ ነፍሳት ሰፊ ጥናት አሳትሟል። ዝንቡ እ.ኤ.አ. በ1998 በሎስ አንጀለስ ከተገኘ በኋላም ፍለጋው ወደ አፍሪካ ተመልሶ፣ ሲታሊያ ላውንስበሪ የተባለች ጥገኛ ተርብ ካሊፎርኒያ ገብታ ተለቀቀች። ተርቧ እንቁላሏን እጩ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇም እጩን እየበላ ያድጋል። በባሕር ዳርቻው አካባቢ ለምዳለች፤ ሆኖም የእንቁላል መጣያዋ አጭር በመሆኑ ስስ ለሆነው የዱር ወይራ እንጂ ለወፍራሙ የእርሻ ፍሬ አይበቃም፤ እጩም ጠጣሩ ዘር አጠገብ ሲሸሸግ ታጣዋለች።